የጦይባ ሦስት እጅ

ደሴ ላይ ሰው ሠላሳ ዓመት ሲሞላው አጥንቱ ተዘጋ ይባላል። ኬክ አይቆረስለትም፣ እንኳን አደረሰህ የሚለውም የለም። ጎረቤት በር ላይ ሲያገኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተዘጋህ እንዴ?» ይለዋል፤ እሱም እንደ ውጤቱ ወይ ፈገግ ይላል ወይ ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ አጥንት ያጠራቀመውን ይዞ ይኖራል እንጂ አዲስ አይጨምርም። ስለዚህ የጽናት ቢሮ ጠርቶ ይለካል። ሰውየው የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያነሣና ምን እንደማያነሣ የሚወሰነው በዚያ ቀን ነው።

የሩቂያ ይማም ቀን በሐምሌ አንድ ማክሰኞ ላይ ዋለ። ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ አልታይ ብሏል፣ ከተማው ላይ ካፊያ ይወርዳል። ጠዋት ልጇ አንዋር ሲያለቅስ እንደ ሁልጊዜው እሹሩሩ ቀድማ ደረሰች። እሹሩሩ የሕፃን አልጋ ናት፤ አራት ጎማና ሁለት ለስላሳ ክንዶች አሏት። ሕፃኑን ከፍ አድርጋ ወደ ሩቂያ ደረት አስጠጋችው፣ ጠብቶ እስኪበቃው ድረስም ክብደቱን ይዛ ቆመች። ሩቂያ የልጇ አፍ ይሰማታል፣ ትንፋሹም ይሰማታል፤ ክብደቱ ግን አይሰማትም። ሲጨርስ ክንዶቹ መልሰው አስተኙትና በማትታወቅ ሴት ድምፅ ዘፈኑለት። ልጁ ሰባት ወሩ ነው። ማን እንደሚያነሣው ለምዷልና ታቀፉኝ ሲል እጁን የሚዘረጋው ወደ ክንዶቹ ነው። ሩቂያን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግባት ይሄ ነበር።

እንዳታነሣው ያደረጋት ግራ እጇ ላይ ያለው አምባር ነው። የተወለደች ዕለት ዘረመሏ ተነቦ አጥንተ «ስስ» ተብላለች፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሕጉ ሲወጣም አምባር ከታሰረላቸው ሰዎች አንዷ ሆነች። አንዋር አምስት ኪሎ ያለፈ ዕለት አምባሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «እባክዎን ሸክሙን ያስቀምጡ» አላት፣ በጣም በትሕትና። ሩቂያ መጀመሪያ አልገባትም። ዙሪያዋን ብታይ ቅርጫት የለ፣ ጆንያ የለ። ከዚያ ገባትና ልጇን ቀስ ብላ አስተኛችው።

አንድ ቀን ደግሞ አምባሩ እየለመናት እንቢ ብላ፣ ልጇን አቅፋ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ መጣ። ሁለተኛም መጣ፣ ልጁን ትኩሳት የያዘው ቀን። ሦስተኛ የለም፤ ሦስተኛው ታች ሜዳው ላይ ስሶች ወደሚኖሩበት ለስላሳው ሰፈር የሚወስደው መኪና ነው።

ባሏ ጀማል ሰመራ ባቡር ጣቢያ ይሠራል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል። እሱ ጽኑ ነው። ልጁን ከጣሪያው አጠገብ አድርሶ ሲመልሰው ሩቂያ ቁጭ ብላ ታያለች። ደስ ይላታል፤ ትቀናለችም። ሁለቱንም ለጀማል ነግራዋለች፣ እሱም ልጁን እያስቀመጠ «ሲዘጋልሽ አብረን እናነሣዋለን» ብሏታል። «ባይሆንስ?» ብላ አልጠየቀችውም፤ የማይሆን ከሆነ ምን እንደሚከተል ሁለቱም ያውቁታል። አምባሩ የዕድሜ ልክ ይሆናል፣ ቤታቸው ታች ሜዳው ላይ ይሆናል፣ አንዋርም በእግሩ እስኪሄድ ድረስ የእሹሩሩ ልጅ ሆኖ ያድጋል።

ሩቂያ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ጦይባ ሳሎን ውስጥ ቆማ ትጠብቃታለች። ጦይባ የሩቂያ የእንጀራ እናት ናት። የሩቂያ አባት ይማም ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት የቀረችው ትልቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ክንዷ ላይ የጨርቅ ቦርሳ አንጠልጥላለች። ለጠብ የተዘጋጀች ትመስላለች።

«ዛሬ ዘር ቆጣሪዎቹ ጋ ነው አይደል?» አለች።

«አዎ እቴ። ግን አንቺ ውጭ ነው የምትቀመጪው።»

«እቀመጣለሁ። ሰው ደጃፍ መቀመጥ መቼ አቃተኝ?»

ጦይባ የጽናት ቢሮን ሰዎች «ዘር ቆጣሪዎች» ትላቸዋለች። ዘረመል የሚያነብ ቢሮ ስለሆነ ሩቂያ ስሙን ትወደዋለች፤ ለጓደኞቿም ነግራ አስቃቸዋለች። ጦይባ ግን ስትለው አትስቅም ነበር።

ፒያሳ ሲደርሱ ሩቂያ ተጓዡ ወለል ላይ ወጣች። አምባር ያለበት ሰው በእግሩ ረጅም መንገድ አይሄድም፤ ሌላውም ሰው ቢሆን ከለመደው ቆይቷል። መንገዱ ዳርና ዳር ሰዎች መደገፊያውን ይዘው ቆመው ይሄዳሉ፣ ዳቦ የያዙ ሴቶች፣ ቦርሳ የያዙ ወንዶች፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ ፊት እያዩ። እሹሩሩ አንዋርን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ጦይባ ወለሉን አልረገጠችም። ከጎን ከጎኑ በአሮጌው ድንጋይ ላይ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እየቀደመቻቸው ትሄዳለች። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ጋ ሲደርሱ ሩቂያ ዞር ብላ አየችው። ስሶች እንዳይወጡበት ገመድ ተወጥሮበታል። ለጥንቃቄ ነው ይባላል።

ልጅነቷ ያለፈው በዚያ ደረጃ ላይ ነው።

እናቷ ዘሃራ በስተርጅና ነው የወለደቻት። ዘሃራም ስስ ነበረች፤ ገና ዘረመል አንባቢው ሳይመጣ፣ ስሙ ሳይወጣላት። ሩቂያ ሦስት ዓመቷ ሳለ እናቷ ከምንጣፍ ላይ ተንሸራተተች፤ ዳሌዋ ተሰበረና ከአልጋ አልተነሣችም። ቤቱ ጨለማ ነበር፣ መጋረጃው አይገለጥም፣ ልጅቷም እናቷ አጠገብ ቁጭ ትላለች። ከጋብቻ የተረፈ፣ ዛጎል የተጠለፈበት የሚያምር አንቀልባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዘሃራ ሐኪም አታዝይ ብሏት አንድ ቀንም ሳታዝልበት ሞተች።

ጦይባ ከወረባቦ የመጣችው ሩቂያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ነው። የመጣች ዕለት ልጅቷ ጥግ ይዛ አለቀሰች። ጦይባ አላባበለቻትም። ግድግዳው ላይ ያለውን አንቀልባ አየች፣ «የማን ነው?» አለች፣ «የእማ» ተባለች። አወረደችው። አቧራውን አራገፈች። ስድስት ዓመት የሞላትን፣ እግሯ የሚንዘላዘለውን ልጅ ጀርባዋ ላይ አድርጋ አሰረቻትና ከቤት ወጣች። ሩቂያ በሰው ጀርባ ላይ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ያን ቀን ስታስታውስ የሚመጣባት የጦይባ የአንገት ሽታና የዓለም ስፋት ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት መቀመጥ ቀረ። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ጦይባ «ውጪ፣ ሰው ይይሽ» ትላታለች። ምግብ በተሠራ ቁጥር ሳህን ሸፍና «ለእነ እትዬ ሎሚ አድርሺ» ትላታለች፤ እነ እትዬ ሎሚ ያሉት ደግሞ ከደረጃው አናት ላይ ነው። ሠርግ አያመልጣቸውም። ጦይባ እየገፋች መሐል ታስገባታለች፣ ልጅቷም ላብ እስኪያጠምቃት ትዘላለች። ወተት ቤት ውስጥ አይጠፋም፤ አሬራ፣ እርጎ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ከሐይቅ የሚመጣ ዓሣ ከነአጥንቱ። «ቤቱ ያጣ እንዳይመስል» ትላለች ጦይባ።

የደረጃው ጨዋታ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጦይባ የዘሃራን ትውልድ እየዞረች ጠይቃ፣ ሰባት ቤት አጥንቷን ለቅማ አጠናችና ለልጅቷ አስተማረቻት። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ደረጃ ነው፤ በሁለት እግር ተዘልሎ፣ እግር ድንጋዩን መትቶ፣ ስሙ ጮክ ተብሎ። ሩቂያ! ዘሃራ! ሰይድ! ይመር! እንድሪስ! ከዚያ ወሎ ነውና ወደ ክርስቲያኑ ይሻገራል፤ ጎበዜ! ሀብቴ! ያልቅና እንደገና ይጀመራል፣ እስከ አናቱ ድረስ። በሰፈሩ ያሉ ልጆች ወለሉ ላይ ቆመው ሽው እያሉ ሲያልፉ እሷ አያቶቿን ስትጠራ ትውላለች። አንዳንዴ ታፍር ነበር፣ አንዳንዴም ትሰለች ነበር።

የጽናት ቢሮ መጠበቂያ ክፍል ወለሉ እግር ሲያርፍበት ይሰምጣል፤ ለስላሳው ሰፈር የሚነጠፈው ዓይነት ነው። ጦይባ አንድ እርምጃ ረግጣ ግድግዳውን ያዘች። «ምን ዓይነት መሬት ነው ይሄ? አያስረግጥም እኮ» አለች። ከጎን የተቀመጡት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ አምባራቸው መለሱ። ስሶች በቢሮው ውስጥ ብዙ አያወሩም።

ሩቂያን የለካት አስናቀ የሚባል፣ ጢሙ ሽበት የጣለበት ሰው ነው። ጫማዋን አውልቃ መለኪያው ላይ ቆመች፣ ብርሃኑ ከእግሯ እስከ አናቷ አለፈ። አስናቀ ሻዩን ፉት አለና ሰሌዳውን አየ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አንዴ ይድገሙልኝ» አለ።

ደገመችለት። እንደገና አስደገማት። ኪሷ ውስጥ ብረት እንዳለ ጠየቃት፤ የለም። ወንበር ሰጥቷት ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ወይዘሮ ሩቂያ፣ ይሄ ልኬት የእርስዎ አይመስልም።»

«የኔ ካልሆነ የማን ነው?»

«የተወለዱ ዕለት የተነበበው እዚህ ይደርሳሉ ይላል» አለና መዳፉን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አድርጎ ያዘ። «አሁን ያሉት ደግሞ እዚህ ነው።» መዳፉን ከዚያ በላይ አነሣ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የሁለቱ ቁመት መሐል ላይ ግን የሕጉ መስመር ያልፋል።

«ታዲያ ደግ አይደለም?»

«ምክንያቱ ከታወቀ ደግ ነው።»

ሩቂያ የቀረውን ሳይነግራት ተረዳችው። በድንበር በኩል የሚገባ መርፌ አለ። የመዝጊያ ዓመት ሲደርስ የሚወጋ ነው፤ አጥንቱን ለልኬቱ ቀን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ባዶውን ይተወዋል። በዚህ የተያዘ ሰው ለዘለዓለም ስስ ተብሎ ይመዘገባል፤ ሳይለካ፣ ሳይጠየቅ ልጁም አብሮ ይመዘገባል። አንዋር ከበሩ ኋላ ለእሹሩሩ ሲስቅ ይሰማታል።

«መርፌ ተወግተዋል?»

«ወላሂ አልተወጋሁም።»

«እሺ። ስፖርት ሠርተዋል? ልጅ ሳሉ ሩጫ፣ ኳስ?»

«አልሠራሁም።»

«ታዲያ ምን አድርገዋል?»

ሩቂያ አሰበች። የሚነገር ነገር አጣች። ሰው ልጅነቱን ምን አደረግሁበት ብሎ ይናገራል? «ምንም» አለች። «እንደማንም ልጅ ነው ያደግሁት።» ወዲያው ይሄ መልስ ራሷን እንደሚጎዳት ገባት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

አስናቀ ክፉ ሰው አልነበረም። መሐረብ አቀበላትና «ማን ነው ያሳደገዎት?» አላት።

«ጦይባ። ውጭ ተቀምጣለች።»

«የእናትዎ እህት ናት?»

«የእንጀራ እናቴ ናት።»

«የሥጋ ዝምድና የላችሁም ማለት ነው።» ይሄን ሲል ድምፁ ወረደ፤ በዘረመል በኩል የሚፈልገው ነገር እዚያ እንደማይገኝ አውቆ። ቢሆንም በሩን ከፍቶ ጠራት።

ጦይባ ሰማጩን ወለል እየተጠየፈች ገባች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። የሩቂያን እንባ አየችና ወንበሩን እንቢ አለች፤ እንደቆመች ለአስናቀ ተናገረች።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የጎደለው? ቁጥር ከሆነ እኔ እቆጥርልሃለሁ። ዘሃራ ሰይድ ነው፣ ሰይድ ይመር ነው። ይመር ማለት የተጣላ ያስታርቅ የነበረ፣ አገር የሚያውቀው ሰው ነው። የይመርን አባት ከፈለግህ…»

«እማማ፣ ቆይ እስቲ…»

«አልቆይም! ሃያ ምናምን ዓመት ቆይቻለሁ። ከናንተ ቢሮ አንዲት ሴት መጣች፣ ከይማም ቤት ከገባሁ ገና ወር እንኳ አልሞላኝም። እንግዳ ናት ብዬ ሻይ አቀረብኩላት። ሻዬን እየጠጣች ‹ይቺ ልጅ አጥንቷ ስስ ነው፣ እናቷም እንዲሁ ነበረች፣ ታች ወደ ሜዳው ውሰዷት› አለችኝ። የሰው ቤት ተቀምጦ፣ የሰው ሻይ እየጠጡ፣ የሞተችውንም ያለችውንም አጥንት መስደብ አለ?»

ሩቂያ ቀና አለች። ይሄን ታሪክ ሰምታው አታውቅም።

«ምን አሏት?» አለ አስናቀ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን እላታለሁ፣ ሸኘኋት። ለይማምም አልነገርኩት። ስድብ ነው፣ ይደገማል እንዴ? ከዚያ ልጅቷን አየኋት። እናቷ ተኝታ ስለከረመች ሰው አያውቃት፣ ዘመድ አልጠየቀች፣ ሠርግ አልወጣች። ሰው ካላወቀሽ አጥንትሽ ስስ ነው ይልሻል፣ እንዲህ ነው እኛ አገር። እኔም እንግዲህ አሳያችኋለሁ አልኩ። አወጣኋት። በየፀሐዩ፣ በየደጁ፣ ሰው ይያት ብዬ። ሳህን አሸክሜ ወደ ላይ ሰፈር ሰደድኳት፣ ከጨዋ ቤት መጣች እንድትባል። ሠርግ ላይ አስጨፈርኳት። አያቶቿን እንዳትረሳ በየደረጃው እያዘለልኩ አስጠናኋት። ዝናብ ሲሆን እንኳ አልተውኳትም። አሁን ደሴ ውስጥ የዘሃራን ልጅ የማያውቅ ካለ አምጣልኝ! ይሄው ታዲያ፣ ይሄን ሁሉ አድርጌ አምባር አሰራችሁባት። የገዛ ልጇን እንዳታዝል! ዘራችን ምን ቢሆን ነው?»

አስናቀ ጦይባን አየ፣ ሩቂያን አየ፣ ሰሌዳውን አየ። ሳቁን ሊውጠው ሞክሮ አቃተው፤ ግንባሩን በእጁ ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጦይባ በቁጣ ቦርሳዋን ጨበጠች።

«ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ሴትየዋ ስለ ዘር አልነበረም ያወራችው። አጥንት ነው ያለችው፣ አጥንት። ይሄን።» ጎንበስ ብሎ የገዛ ቅልጥሙን በጣቱ ቋ ቋ አደረገው። «ይቺ ልጅ አጥንቷ ሳስቶ ነው የሚያድገው፣ እንደ እናቷ ትሰበራለች ማለቷ ነው።»

ጦይባ ቅልጥሙን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ዘር አይደለም?»

«አይደለም።»

«ይሄ… የሚሰበረው?»

«የሚሰበረው።»

ሩቂያ ጦይባ ትስቃለች ብላ ጠበቀች። ጦይባ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ቀድሞ እንቢ ያለችውን ወንበር በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። «ያረቢ» አለች። «የምትሰበር ልጅ ነው እንዴ ከድንጋይ ላይ ሳዘልል የነበርኩት? እሷ እኮ ደከመኝ ትለኝ ነበር። አትቁሚ እላታለሁ። ያረቢ፣ ገድያት ነበር እኮ!» ሃያ አራት ዓመት ያልፈራችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈራች።

ሩቂያ ተነሥታ ሄዳ እግሯ ሥር ተቀመጠች። እጇን ያዘች። ጦይባ ዘር ቆጣሪዎች እያለች ስትረግማቸው እሷ እየሳቀች ለሰው ስታወራ፣ ስንት ዓመት ሁለቱ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲያወሩ እንደኖሩ አሁን ታያት። ሌላ ሴት ብትሆን፣ ነገሩ በደንብ የገባት ብልህ ሴት ብትሆን ኖሮ፣ ምክር ሰምታ መጋረጃውን እንደተዘጋ ትተወው ነበር።

«አልገደልሽኝም እቴ» አለቻት። «ስሚው፣ ምን እንደሚል።»

አስናቀ መሳቁን ትቶ ነበር። «እማማ፣ ልንገርዎት» አለ። «የሰው አጥንት ከአሥር ሰባት እጁ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከወላጆቹ ነው የሚመጣው። እሱን እኔም እርስዎም አንቀይረውም፤ ሩቂያ ስስ ሆና ነው የተወለደችው። ሦስት እጁ ግን የሚሠራው ልጅ ሳሉ ነው። በምግቡ፣ በፀሐዩ፣ በዝላዩ፣ በሸክሙ። አጥንት ሥራ ሲሰጡት ነው የሚወፍረው። እርስዎ ሦስቱን እጅ እስከ አፉ ሞልተውታል። መስመሩን ያለፈችው በትንሽ ነው፣ እንዳልዋሽዎት። ያቺ ትንሽ ግን የእርስዎ ናት።»

ጦይባ አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ሦስት እጅ ከየት አመጣለሁ?» አለች። «ሁለት ነው ያለኝ።»

«ጀርባሽን ቁጠሪው» አለቻት ሩቂያ።

አስናቀ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩ ጉሙ በከፈተው በኩል ለስላሳው ሰፈር ይታያል፤ ደረጃ የሌላቸው ነጫጭ ቤቶች፣ ጥላ የተዘረጋባቸው መንገዶች፣ ከቤት ቤት የሚመላለሱ ክንዶች። «እኅቴ እዚያ ናት» አለ። «የሄደችው በልጅነቷ ነው። ምንም አያስነሷትም። ወለሉ ለስላሳ ነው፣ ከወደቀችም አትጎዳም። በየዓመቱ እለካታለሁ።» ልኬቷ ምን ያህል እንደሆነ አልነገራቸውም።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ምክንያቱን ለማስገባት ተቀመጠ። «የአሳዳጊ ስም?» አለ በሥራ ድምፁ፣ ቀድሞ እያወቀው።

«ጦይባ አሕመድ» አለች ሩቂያ።

«ዝምድና?»

ሩቂያ ጦይባን አየቻት። አስናቀ ራሱ አንድ ቃል አስገባና ምን እንዳለ ሳይነግራቸው ዘጋው። መቁረጫውን አንሥቶ አምባሩን ቆረጠው። አምባሩ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ትንሽ ድምፅ ነው ያሰማው። የሩቂያ አንጓ ላይ ነጭ ክብ ቀርቷል።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዋር ተኝቷል። ሩቂያ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ከሥሩ አስገባች። እሹሩሩ ክንዶቿን ዘረጋች፤ «ተይ፣ የኔ ነው» አለቻት። አነሣችው። ከባድ ነበር። አላህ ይመስገን፣ ከባድ ነበር፤ ሙቅ፣ ሞላ ያለ፣ ወደ ታች የሚጎትት ክብደት። እጆቿ ዝም ብለው አምባሩ እስኪናገር ጠበቁ፣ ምንም አልተናገረም። ልጁ ነቅቶ ፊቷን አየና ግራ ገባው፤ እጁን ወደ ክንዶቹ ሊዘረጋ ብሎ መሐል ላይ ተወውና ሻሿን ያዘ። ሩቂያ እዚያው ሰው ፊት አለቀሰች። የተቀመጡት ስሶች አዩአት፣ አንዲት ነፍሰ ጡርም አምባሯን በሌላ እጇ ሸፍና ፈገግ አለችላት።

ጦይባ የጨርቅ ቦርሳዋን ከፈተች። ከውስጡ ያወጣችው ዛጎል የተጠለፈበት አንቀልባ ነበር። ቆዳው ቅባት ተቀብቶ ለስልሷል፤ ሰሞኑን ስትቀባው ሰንብታለች ማለት ነው።

«ካልፈቀዱልኝስ ብለሽ አላሰብሽም?» አለቻት ሩቂያ።

«ባይፈቅዱ በግድ ላሳዝልሽ ነበር የመጣሁት» አለች ጦይባ። ልጁን ሩቂያ ጀርባ ላይ አስተካክላ፣ ማሰሪያውን ደረቷ ላይ አጥብቃ አሰረችላት። እሹሩሩን እዚያው ትተዋት ወጡ።

ሲመለሱ ካፊያው አቁሟል፣ ፀሐይ ከጉሙ ኋላ ብቅ ማለት ጀምራለች። ተጓዡ ወለል ሰዎቹን ይዞ ሽው ይላል። ሩቂያ አልወጣችበትም። ከጦይባ ጋር በድንጋዩ ላይ እየሄደች ደረጃው ጋ ደረሰች፣ ገመዱን ከፍ አድርጋ በሥሩ አለፈች። አንዋር ጀርባዋ ላይ ይቁነጠነጣል፣ ትንፋሹ አንገቷን ያሞቀዋል።

«አንዋር!» ብላ የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠች። «ሩቂያ!» ብላ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ እግሯን አንሥታ ቆየችና «ጦይባ!» አለች።

«ተሳሳትሽ» አለች ጦይባ ከሥር ሆና፣ የሕፃኑን መቀመጫ በእጇ እየደገፈች። «ከሩቂያ ቀጥሎ ዘሃራ ናት። ያን ሁሉ አስጠንቼሽ?»

«ዘሃራም አለች፣ ትመጣለች።»

«እኔ አጥንት አይደለሁማ!»

ሩቂያ እስከ ታች ወረደችና ከመጀመሪያው ጀመረች። አንዋር! ሩቂያ! አሁን እግሯ ድንጋዩን በደንብ ይመታዋል፣ ልጁም በየደረጃው ዕቅ ዕቅ እያለ ይስቃል። ጦይባ ከዛሬ ጠዋት በፊት የማታውቀው ፍርሃት ያዛት። ሁለት እጇን ዘርግታ «ቀስ! ቀስ በይ አንቺ ልጅ፣ አጥንትሽን!» ብላ ጮኸች።

«አጥንቴማ አንቺ ነሽ» አለቻትና ሦስተኛውን ደረጃ ዘለለችው።